ጣርማበርን የወረዱ ሰው በኑርቡርግሪንግ

«ነፋስ አስለክተሃል?» አሉኝ አጎቴ፣ ገና ሞተሩን ሳላጠፋ።

ማታውኑ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ለክቼ ነበር። መልሴ ግን አላሳረፋቸውም። ወረዱና ጋቢያቸውን በካፖርታቸው ላይ ደርበው አራቱንም ጎማ ዞሩ። የፊት ግራው ጋ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው ጥርሱን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት፤ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ። «የውጪው ጠርዝ ተበልቷል። ወደ ቀኝ የሚታጠፈው ይበዛል ማለት ነው» አሉ። የቦታውን ካርታ አይተው አያውቁም። ኖርድሽላይፈ የሚባለው ይህ መንገድ 73 ኩርባ አለው፤ 40ው ወደ ቀኝ፣ 33ቱ ወደ ግራ ነው።

እሑድ ጠዋት ነው። በምዕራብ ጀርመን የሚገኙት የአይፈል ኮረብቶች ጭጋግ ለብሰዋል። የኑርቡርግ ጥንታዊ ግንብ ከጥዱ በላይ አንዴ ብቅ ይላል፣ አንዴ ይሰወራል። መቆሚያው ግቢ ሞልቷል፦ ጀርባው ላይ ትልቅ ክንፍ የተሸከመ ፖርሸ፣ ኮፈኑ ቀለሙን የለቀቀ አሮጌ ጎልፍ፣ የኋላ ወንበሩ ላይ የሕፃን መቀመጫ የታሰረበት የቤተሰብ መኪና። ጭጋጉ እስኪገፈፍ በሩ አይከፈትም። ባለመኪኖቹ ቡናቸውን ይዘው አንዱ የሌላውን ሞተር እየጎበኘ ይጠብቃሉ። አጎቴ ጭጋጉን ቆመው አዩትና «ጣርማበር መጣሁ እንዴ!» አሉ።

74 ዓመታቸው ነው። በ17 ዓመታቸው ረዳት ሆነው ገቡ፤ ከዚያ በኋላ ከኤን ትሬ ፊያት እስከ ቦቴ ያልነዱት ከባድ መኪና የለም። ቡና በተሳቢ ጭነው፣ ጣርማበር ላይ ጣሊያን የፈለፈለውን ዋሻ አልፈው፣ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ወርደው አሰብ ያደርሱ ነበር። ኋላ ደግሞ ነዳጅ ጭነው ዓባይ በረሃን ሲሻገሩ ኖሩ። ዘንድሮ ፍራንክፈርት ድረስ ሊጠይቁኝ መጡ። «ጋሼ፣ ምን ላሳይዎት?» ብላቸው «እሑድ እሑድ የምትጠፋበትን ቦታ» አሉኝ።

የምጠፋበት ቦታ ይህ ነው። መኪና ከልቤ የምወድ ሰው ነኝ፤ በዚህ ፍቅር ውስጥ ከቆየሁ ወዲህ አንድ እምነት ይዣለሁ። መንዳት ማለት ክብደትን ከቦታ ቦታ በርጋታ ማዘዋወር ነው። ፍጥነት ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። እኔ ይህን ለመማር ዓመታት ፈጅቶብኛል፤ አጎቴ ግን ገደል አፋፍ ላይ ተምረውታል። ይዣቸው የመጣሁት ሁለቱ ትምህርት አንድ መሆኑን በዓይኔ ለማየት ነው።

ኑርቡርግሪንግ ሲባል ብዙ ሰው የውድድር ሜዳ ብቻ ይመስለዋል። ውድድር በሌለበትና ለሕዝብ በሚከፈትበት ቀን ግን ኖርድሽላይፈ፣ ማለትም የሰሜኑ ዙር፣ በሕግ ፊት ባለ አንድ አቅጣጫ የክፍያ መንገድ ነው። መንጃ ፈቃድና ሕጋዊ ሰሌዳ ያለው መኪና ይዞ የመጣ ሁሉ ከፍሎ ይገባል። የጀርመን የትራፊክ ሕግ እዚያም ይሠራል። መቅደም በግራ ብቻ ነው፤ ሰዓት እየያዙ መሽቀዳደም ክልክል ነው። የብረት አጥሩን የገጨ ሰው የአጥሩን ማሠሪያ ከኪሱ ይከፍላል። በሌሎች የውድድር ሜዳዎች የሚዘጋጀው ትራክ ደይ ከዚህ ይለያል። እዚያ ጠዋት ስለ ባንዲራዎቹ ማብራሪያ ይሰጣል፣ ሄልሜት ይደረጋል፣ ነጂዎች እንደ ልምዳቸው በቡድን ይከፈላሉ፣ ከጎንህ አሠልጣኝ ማስቀመጥም ትችላለህ። ለጀማሪ የምመክረው ያንን ነው። ኖርድሽላይፈ የመጀመሪያ ትምህርት ቤት አይሆንም፤ 20.8 ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ በጫካ መሐል የሚጠማዘዝ፣ ከኮረብታው ማዶ ያለውን የማያሳይ መንገድ ነው።

ግንባታው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው፤ በችግር ላይ ለነበረው አካባቢ ሥራ ለመፍጠር ጭምር ታስቦ ነበር። በሰኔ 1927 ሲመረቅ የመጀመሪያውን የመኪና ውድድር ሩዶልፍ ካራቾላ በመርሴዲስ አሸነፈ። ያኔ የቀየሱት ሰዎች ተራራውን አልናዱትም፤ መንገዱን እንደ ተራራው አካሄድ አስኬዱት። ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ቦታ 300 ሜትር ያህል ልዩነት አለ። ይህን ስነግራቸው አጎቴ ዝም አሉ። ዓባይ በረሃን ሲወርዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ያለው ቁልቁለት ብቻ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው።

ረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ ጭጋጉ ተነሳ፤ በሩም ተከፈተ።

የመጀመሪያዎቹ ኩርባዎች ሃትሰንባኽ ይባላሉ፤ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ እያሉ ቁልቁል ይወርዳሉ። እዚህ መሪውን የሚቀማ ሰው ገና በሁለተኛው ኩርባ ይሳሳታል፤ መኪናው ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ለመዞር ጊዜ ይፈልጋልና። መሪውን ቀስ ብዬ እጀምራለሁ፣ መኪናው ተደግፎ እስኪቆም እጠብቃለሁ፣ ከዚያ እጨምራለሁ። አጎቴ መንገዱን አያዩም። ዓይናቸው እጄ ላይ ነው።

«ቦቴ የነዳህ ይመስላል» አሉ።

የሰሙት የፈሳሽ ነገር ነው። ቦቴ ሲሞላ ነዳጁ የሚሄድበት ቦታ የለውም፤ ባዶ ሲሆን ደግሞ መኪናው ይቀላል። አደገኛው ግማሽ የሞላው ነው። አጎቴ በዚያ ዘመን በነዷቸው፣ በውስጣቸው በቂ መከለያ ባልነበራቸው ቦቴዎች፣ ግማሹን ፍቼ ላይ አራግፈው ዓባይን ሲወርዱ ነዳጁ ከኋላቸው ይተነፍስ ነበር። ፍሬን ሲይዙ ወደፊት ይሮጣል፣ ግንባሩን ይመታና ይመለሳል። ኩርባ ላይ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ሾፌሩ ደንግጦ መሪውን ከመለሰ ነዳጁ ዘግይቶ ተከትሎ መኪናውን ይገለብጠዋል። «ነዳጁ ምን እንዳሰበ ከአንተ በፊት ወገብህ ይሰማል» አሉኝ።

በየትኛውም መኪና ውስጥ እንዲህ ያለ ፈሳሽ አለ ማለት ይቻላል። ፍሬን ስንይዝ ክብደቱ ወደ አፍንጫው ይፈሳል፤ የፊት ጎማዎች አስፋልቱን አጥብቀው ይይዛሉ፣ የኋላዎቹ ይቀላቸዋል። ቤንዚን ስንሰጥ ደግሞ ወደ ኋላ ይመለሳል። አንድ ጎማ መሬት የሚነካው ከእጅ መዳፍ ብዙም በማይበልጥ ስፋት ነው፤ መኪናው ከነተሳፋሪው በአራት መዳፍ ላይ ቆሟል። እያንዳንዱ መዳፍ ያለው አቅም ውስን ነው። አቅሙን በሙሉ ለፍሬን የሰጠ ጎማ ለመታጠፍ የሚተርፈው የለም። ስለዚህ ቀጥ ባለው ላይ ፍሬን ይያዛል፣ መሪው መዞር ሲጀምር ፍሬኑ በልኩ እየተለቀቀ ይሄዳል፣ መሪው መመለስ ሲጀምር ቤንዚን ይሰጣል። በመጽሐፍ ያነበብኩት ይህንኑ ነበር። የገባኝ ግን እዚህ፣ ፍሉግፕላትስ የሚባለው ጉብታ ላይ መኪናው ሲቀል መሪው በእጄ ውስጥ ባዶ የሆነብኝ ቀን ነው።

ከዚያ ፉክስሮረ ይመጣል። መንገዱ በጥድ መሐል ቁልቁል እየተወረወረ ሄዶ ታች ሲደርስ ድንገት ሽቅብ ይነሳል። እዚያ ታች ሞላዎቹ እስከ መጨረሻ ይጨመቃሉ፤ አንገት ወደ ደረት ይሰምጣል። አጎቴ በእግራቸው የሌለ ፍሬን ረገጡ። ከኋላችን ያ ፖርሸ ሲመጣ ወደ ቀኝ ፍሬቻ አብርቼ ቦታዬን ያዝኩ፤ አይቼሃለሁ፣ እለፍ ማለት ነው። አለፈና እጁን አነሳ። «ጨዋ ናቸው» አሉ አጎቴ።

ቤርግቬርክ ከመድረሳችን በፊት ፍጥነቴን ቀነስኩ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 1976 የፎርሙላ 1 ተወዳዳሪው የኒኪ ላውዳ ፌራሪ የተቃጠለችበት አካባቢ ነው። ከእሳቱ ያወጡት ከኋላው ሲነዱ የደረሱ ተወዳዳሪዎች ናቸው፤ አርቱሮ ሜርዛሪዮ፣ ጋይ ኤድዋርድስ፣ ብሬት ላንገርና ሃራልድ ኤርትል። ላውዳ በ6 ሳምንት ተመልሶ ሞንዛ ላይ አራተኛ ወጣ። ፎርሙላ 1 ግን በዚህ መንገድ ላይ ዳግም አልተወዳደረም፤ ለ20 ኪሎ ሜትር ጫካ የሚበቃ እሳት አጥፊና ሐኪም በየኩርባው ማቆም አይቻልም ነበር። ይህን ስተርክላቸው አጎቴ በመስኮት ወደ ዛፎቹ ዞሩ። «እኛም ጋ» አሉ ቆይተው፣ «ቀድሞ የሚደርስልህ ከኋላ የሚመጣው ሾፌር ነበር።» ስም አልጠሩም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ካሩሰል ላይ ሲደርሱ ግን ሳቁ። መንገዱ ግማሽ ክብ ይሆንና የውስጡ ጠርዝ እንደ ሳህን ጎድጉዶ በኮንክሪት ተሠርቷል። ጥንት የውኃ ቦይ ነበረ፤ ካራቾላ የውስጥ ጎማዎቹን እዚያ እየከተተ በፍጥነት ያልፍ ነበር ይባላል፤ ኩርባው በስሙ ተጠራ። መኪናዋ ወደ ጎድጓዳው ስትገባ ጥርስ እስኪንገጫገጭ ድረስ ትንቀጠቀጣለች፣ ነገር ግን ኮንክሪቱ አቅፎ ይይዛታል። «ጎማን ቦይ ውስጥ መክተት እኔም አውቅበታለሁ» አሉ። ዝናብ ያላሸው መንገድ ላይ መኪናው ወደ ገደሉ እንዳይንሸራተት፣ የተራራውን ጎን ጎማ ሆን ብለው ቦይ ውስጥ ከትተው በቦዩ ግድግዳ ተደግፈው ይወርዱ ነበር።

ስለ ፍሬን ያለኝን ሐሳብ ለመናገር አንድ ክፉ ቀን ማንሳት አለብኝ። ከዓመታት በፊት፣ በሞቃት ቅዳሜ፣ ሦስት ዙር አከታትዬ ነዳሁ። በሦስተኛው ላይ ፔዳሉ ለሰለሰ፤ ቀጥሎ ወለል ድረስ ገባ። የፍሬን ዘይቱ ከሁለት ዓመት በላይ ያልተለወጠ ነበር። ይህ ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 የሚባለው ዓይነት ንጹሕ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን የሚጠበቅበት 155 ብቻ ነው። ሲፈላ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል እንጂ ጉልበት አያስተላልፍም። እኔን ያዳነኝ ሽቅቡ ነው። ፔዳሉን ደጋግሜ ረገጥኩት፣ ማርሽ አወረድኩ፣ ዳገቱ ያዘኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ዘይቱን በየዓመቱ እለውጣለሁ፤ የሙቀት ነገርንም አልረሳም። ፍጥነት ከ60 ወደ 120 ሲያድግ ፍሬኑ ወደ ሙቀት መለወጥ ያለበት ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ሁለት እጥፍ የሚመስላቸው ወጣቶች ብዙ ናቸው፤ ይህን ቁጥር መንጃ ፈቃድ የሚያወጣ ሁሉ በቃሉ ሊይዘው ይገባል።

አጎቴ ታሪኩን ሰምተው የሰጡኝ መልስ አንድ መስመር ነው፦ «ልጄ፣ በምትወጣበት ማርሽ ውረድ።» ሙሉ ጭነት ይዘው ጣርማበርን ሲወርዱ ፍሬኑን የሚያስቀምጡት ለክፉ ቀን ነበር። የሚይዛቸው ሞተሩ ነው። በእነዚያ የድሮ ካምቢዮዎች ማርሽ ለማውረድ ፍሪሲዮን ሁለቴ እየረገጡ፣ በመሐሉ ነዳጅ ሰጥተው የሞተሩን ዙር ከማርሹ ጋር ማስማማት ነበረባቸው። ካልገጠመ ማርሹ አይገባም፤ ቁልቁል ላይ ማርሽ ያልገባለት ከባድ መኪና ደግሞ የማንም አይደለም። እኔ ዛሬ በአንድ እግር ፍሬኑንም ቤንዚኑንም ይዤ ማርሽ ሳወርድ የምሠራው የዚያን ታናሽ ወንድም ነው።

የምነዳት መኪና ቀይ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ናት፤ የመጀመሪያው ትውልድ። ይህ ሞዴል እ.ኤ.አ. በ1989 ቺካጎ ላይ ሲታይ ዓለም ቀላል ባለ ሁለት ወንበር መኪና መሥራት ትቶ ነበር ማለት ይቻላል። ሞተሩ 1.6 ሊትር፣ ጉልበቱ 115 ፈረስ ብቻ ነው፤ ክብደቱ ግን ከአንድ ቶን በታች ነው። ሥራውን የመሩት ቶሺሂኮ ሂራይ መመሪያ ያደረጉት ጂንባ ኢታይ የሚል የጃፓን አባባል ነበር፦ ፈረሱና ፈረሰኛው አንድ አካል ሲሆኑ ማለት ነው። ለእኛ ይህ ማስተርጎሚያ አያሻውም። ቴዎድሮስን በፈረሳቸው አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው እያልን በፈረስ ስም የምንጠራ ሕዝብ ነን። ጉግስ የሚጫወት ሰው ልጓሙን እየጎተተ አይኖርም፤ ጉልበቱን ሲያጠብቅ ፈረሱ ይሰማዋል። ጥሩ መኪና እንዲያ ነው። መሪው የአስፋልቱን ሸካራነት ወደ መዳፍ ያመጣል፤ ወንበሩ የኋላ ጎማው ሊንሸራተት ሲል ቀድሞ ይናገራል።

የዛሬ መኪኖች ላይ ያለኝ ቅሬታ ከዚህ ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የመጀመሪያው ጎልፍ 800 ኪሎ ገደማ ነበር፤ የአሁኑ 1,300 ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ቢኤምደብሊው ኤም5 ከ2,400 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ከዚህ ክብደት ከፊሉ ነፍስ ያድናል፤ ግጭት የሚውጠውን ብረትና ኤርባጉን የሚነቅፍ ሰው ሞኝ ነው። አንድ ነገር ይሰበር ተብሎ ቢፈረድ ያለ ማመንታት መኪናው ይሰበር እላለሁ። የተቀረው ክብደት ግን ለታይታ የተጨመረ ነው፦ ሰፊ ቸርኬ፣ ከፍ ያለ ቁመት፣ ሞተር ያለው ወንበር፣ ከዚያ ይህን ሁሉ ለመጎተት ትልቅ ሞተር፣ ትልቁን ሞተር ለማቆም ትልቅ ፍሬን። ሎተስን የመሠረተው ኮሊን ቻፕማን ከዚህ ተቃራኒውን መንገድ መርጦ ነበር፤ ክብደት መቀነስ ለመፍጠንም ለመታጠፍም ለመቆምም በአንድ ጊዜ ይጠቅማል።

ሌላው ዳሽቦርዱ ነው። የሙቀት ቁልፉን፣ የራዲዮኑን ድምፅ፣ አንዳንዴም የመስታወት መጥረጊያውን ሳይቀር በስክሪን ውስጥ ቀብረውታል። ቁልፍ በጣት ይገኛል፤ ስክሪን ግን ዓይንን ከመንገድ ይነቅላል። በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሁለት ሰከንድ ወደ ስክሪን ያየ ሰው ከ55 ሜትር በላይ በጭፍን ተጉዟል። መኪኖችን እየፈተነ ኮከብ የሚሰጠው ዩሮ ኤንካፕ እ.ኤ.አ. ከ2026 ጀምሮ እንደ ፍሬቻ፣ ጥሩምባና መጥረጊያ ላሉ ዋና ዋና ተግባራት እውነተኛ ቁልፍ ላላቸው መኪኖች ነጥብ እንዲሰጥ መወሰኑ ደስ ብሎኛል።

ስለ ኤሌክትሪክ መኪና አጎቴን የጠየቅኋቸው እኔ ነኝ። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ እ.ኤ.አ. በ2024 ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪኮቹ አዲስ አበባ ውስጥ እየበዙ ነው፤ የሰፈራቸው ልጅም አንዱን ገዝቶ እንጦጦ ይዟቸው ወጥቷል። «ዳገቱን አላወቀውም» አሉ። ልክ ናቸው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ወለሉ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር እዚያ ትንፋሽ ያጥረዋል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይፈልግም። በይበልጥ የገረማቸው ግን ቁልቁሉ ነው። እግር ከፔዳሉ ሲነሳ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። «ለካ እሱም በማርሽ ነው የሚወርደው!» አሉኝ፤ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ሰምቼ አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ ጨመርኩላቸው፦ ባትሪው ሙሉ ከሆነ የሚቀበለው ቦታ ስለሌለው ያ መያዣ ይደክማል፤ ተራራ አናት ላይ የሚኖር ሰው ባትሪውን ጢም አድርጎ ሞልቶ ቁልቁል ባይጀምር ይሻለዋል። የቤንዚን ሞተር ድምፅ ቢናፍቀኝም በእነዚህ መኪኖች ላይ ጥላቻ የለኝም። ፎልክስቫገን አይዲ.አር የተባለው የኤሌክትሪክ የውድድር መኪና እ.ኤ.አ. በ2019 እዚሁ መንገድ ላይ በ6 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ዞሯል። የምለምነው ቀለል አድርገው እንዲሠሯቸው ነው።

ሰዎች «ለምን ብለህ ገንዘብህን ጎማ ላይ ትጨርሳለህ?» ይሉኛል። መልሴ መንገድ ላይ የማየው ነገር ነው። አዲስ አበባም ሆነ ፍራንክፈርት፣ ሌሊት መንገዱ ጭር ሲል መኪና የሚያስጮኹ ልጆች አሉ። ፍላጎታቸው ይገባኛል፤ እኔም ያ ፍላጎት በደሜ አለ። መንገዱ ግን የእነሱ ብቻ አይደለም፤ ከሥራ የምትመለስ ሴት ትሻገራለች፣ ሕፃን ኳሱን ተከትሎ ይወጣል። እዚህ ከፊቴ የሚሻገር የለም፤ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል፣ የገባው ሁሉ አውቆ ገብቷል። የመኪናዬን ልክ እዚህ ስላየሁት ከተማ ውስጥ የምፈትነው ነገር አልቀረኝም። ሰዎች የምነዳበትን ቀስታ እንደ ፍርሃት ያዩታል፤ እኔ ግን ዝናብ ላይ ጎማ ሲለቅ ምን እንደሚመስል ስለማውቅ ነው።

መጨረሻ ላይ ዶቲንገር ሆኸ የሚባለው ረጅም ቀጥታ መንገድ አለ። ብዙዎቹ እዚያ እስከ ወለል ይረግጣሉ። እኔ በአምስተኛ ማርሽ ዝግ አልኩ፤ ንፋሱ ፍሬኑን እንዲያበርደው። ስንወጣ መቆሚያው ጥግ ላይ፣ ከሌሎቹ ራቅ ብዬ አቆምኩ። የጋለ የፍሬን ሸራ ሽታ ከፊት ጎማዎቹ ይወጣ ነበር፤ የተቃጠለ ብረትና የተቃጠለ ጨርቅ ድብልቅ ነው። አጎቴ ሽታውን ሲያገኙት ዓይናቸውን ጨፈኑ።

የእጅ ፍሬኑን አልሳብኩም። በጋለ ዲስክ ላይ ሸራውን አጣብቆ ማቆም ዲስኩን ባንድ ቦታ ያግለዋል፤ ስለዚህ ማርሽ ውስጥ ከትቼ ተውኩት። አጎቴ ወደ እጄ አዩ፣ ወደ ተዳፋቱ መሬት አዩ፣ ምንም አላሉም። በሩን ከፍተው ወረዱና ጋቢያቸውን ወደ ኋላ መልሰው በአጥሩ ሥር መፈለግ ጀመሩ። ጀርመኖቹ ቡናቸውን ይዘው ያዩዋቸዋል። ከቆይታ በኋላ የሁለት ጡጫ ያህል ድንጋይ ይዘው መጡ፤ ከኋላ ግራው ጎማ ሥር አስገብተው በጫማቸው ጠበቅ አደረጉት።

«ታኮ ሳይገባ ሾፌር አይወርድም» አሉኝ፤ ቀና ብለውም «አሁን ውረድ» አሉ።